ቀበሌ የማይጠራቸው እማማ አገሬ

እማማ አገሬ ከሞጣ ወደ ብቸና የመጡት ባላቸው ሞተው፣ የባላቸው ወንድሞች ቤቱን ከያዙባቸው በኋላ ነው። ዘመድ ስላልነበራቸው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ በሰንበቴ ቤቱ በረንዳ ላይ ማደር ጀመሩ። እንደዚያው አሥራ አንድ ዓመት ቆዩ።

ሰንበቴው ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው። አባላቱ በየተራቸው ዳቦና ጠላ ያዘጋጃሉ፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት የሌለው፣ የታመመው፣ መንገደኛው ገብቶ ይበላል። ደርግ መጥቶ ቀበሌው የእሁድን ጠዋት የስብሰባ ሲያደርገው ነገሩ ተበላሸ። ስም ሲጠራ ያልተገኘ ይቀጣል፤ ስብሰባው ከቀትር በፊት አያልቅም። ሁለት እሁድ ድሆቹ ሳይበሉ ተበተኑ። የሰንበቴው አለቃ፣ ሙሴ የምንላቸው አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ማኅበሩ ሊፈርስ ነው ብለው ሲጨነቁ እማማ አገሬ ቤታቸው ድረስ ሄዱ።

«እኔን ማንም አይጠራኝም» አሏቸው። «እኔ ላድርሰው።»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት ከባለተራው ቤት ዳቦውን በመሶብ፣ ጠላውን በእንስራ ያመላልሳሉ። እሁድ ቄሱ ባርከው ሲቆርሱ እሳቸው ያድላሉ።

በ1973 ዓ.ም. የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ፋንታ አስጠራቸው። ከገበያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተለቃለች፤ ከተመዘገቡ የእርስዎ ናት አላቸው። እማማ አገሬ አሥራ አንድ ዓመት የተመኙት የሚዘጋ በር ነበር። ሄደው አዩዋት። መዝጊያውን ከፍተው ዘጉት፤ ደግመው ከፈቱት። ከዚያ ተመልሰው እሁድ እሁድ ብቻ እንዳይጠሯቸው ለመኑ።

«ስብሰባ የማይገባ አባል የለም፣ እማማ» አለ ፋንታ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱንም ከበላዩ የሚጠይቀው አለ።

ሙሴው ክፍሏን እንዲወስዱ መከሯቸው፤ እኛ አንድ መላ አናጣም አሉ። መላ እንደሌለ ግን ሁለቱም ያውቁ ነበር።

በአራተኛው ቀን እማማ አገሬ ፈንታነሽን እጇን ይዘው ቀበሌ ገቡ። ፈንታነሽ አጠገባቸው የምታድር፣ ዓይኗ የጠፋ፣ አፏ ግን የማያርፍ ሴት ናት።

«ይቺን ጻፉልኝ፤ እኔን ተዉኝ» አሉ።

ፋንታ መዝገቡን ገልጦ ጻፋት።

ፈንታነሽ ክፍሏ ገባች፤ እሁድ እሁድም ስብሰባው ላይ ከፊት ትቀመጥ ጀመር። አንድ ቀን እናቴ ባለችበት፣ «አየ ብልጠት! ለራስሽ ቅዳሴውን ይዘሽ ለእኔ ስብሰባውን ሰጠሽኝ» አለቻቸው።

«ቁልፉንስ ማን ሰጠሽ?» አሉ እማማ አገሬ።

ክረምት ሲበረታ እሷ ዘንድ ያድራሉ። ያልተመዘገበ ሰው ማሳደር ክልክል ነው። የቀበሌው ጠባቂ ሲገቡም ሲወጡም ያያቸዋል፤ ሲጠየቅ ግን ማንንም አላየሁም ይላል። እናቱ የሰንበቴው አባል ናት።