ቅሬውን ለወፍጮ የጠሩት ጋሽ ይመር

ጠዋት ከሆጤ ተደውሎ «ጋሽ ይመር ወደ አኼራ ሄዱ» ሲሉኝ «የትኛው ይመር?» አልኩ። ወሎ ውስጥ ይመር መች ጠፍቶ! ሌላኛው ይሁንልኝ ብዬ ነው።

ልጃቸው ስልኩን ተቀብላ ስታለቅስ አመንኩ።

ለማታውቋቸው፣ ጋሽ ይመር የእኛው አገር፣ የደጋን ሰው ናቸው፤ ደሴ ሆጤ ውስጥ ብየዳ ቤት ነበራቸው። የማወራችሁ በደርግ ጊዜ፣ ከዚያ ክፉ ድርቅ ማግስት የሆነውን ነው።

ዝናቡ ተመልሷል፤ የእርዳታ ስንዴም ይታደለናል። ዱቄት ግን የለም። የገበሬ ማኅበሩ ወፍጮ የሚሠራው በናፍጣ፣ ናፍጣው የሚገኘው በኩፖን፣ ኩፖኑ ደግሞ እኛ ዘንድ አይደርስም። ስንዴ ተሸክመን ኮምቦልቻ ድረስ ስንሄድ ቀኑ ያልቃል፤ ማሳው አራሚ ያጣል። ልጄ ሰይድ ገና የመንፈቅ ልጅ ነው፤ ንፍሮ እንዳያኝክ ጥርስ የለው፣ እንዳላጠባው ጡቴ ደርቋል። ሙቅ ካላገኘ እንደማይተርፍልኝ አውቄው ነበር።

ጋሽ ይመር እናታቸውን ሊጠይቁ መጥተው ይህን አዩ። «በውሃ እናዙረው» አሉ።

የአውራጃው ካድሬ ሳቀባቸው። «አገር እንዲያገግም ወደ ፊት እንሂድ ስንል እርስዎ ወደ አያቶቻችን ይመልሱናል?»

«ወንዙ ኩፖን አይጠይቅም» አሉት። ይቺ አባባል ዕድሜ ልካቸውን ከአፋቸው አልጠፋችም።

ቦዩን ማን ይቆፍር? ሰው ደክሟል፤ ስብሰባም ሰልችቶታል። አንድ ማለዳ የቅሬው ጥሩምባ ተነፋ። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ሲጠራ ዶማና አካፋ ይዞ የማይወጣ የለም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። አገሩ እየሮጠ መጣ።

«ማን ሞተ?»

«ለዛሬ ማንም» አሉ ጥሩምባውን ያስነፉት ጋሽ ይመር። «ቦዩን ካልቆፈርን ግን ገና እንቀብራለን።»

የቅሬው ሽማግሌ ጦፉ። «በሞት ይቀለዳል እንዴ ይመር! ወላሂ ትቀጣለህ!»

«ልቀጣ አባባ። ይኼ ዶማ ግን ከቀብር ሌላ ነገር ከቆፈረ ስንት ጊዜው ነው?»

ከዚያ ሽማግሌው ጋቢያቸውን አውልቀው ቀድመው ወረዱ። ቅጣቱን ግን አልማሯቸውም!

ጋሽ ይመር ባዶ የናፍጣ በርሚሎች ሰንጥቀው፣ በያይደው፣ ውሃ የሚገፋው መዘውር ሠርተው ከማኅበሩ ወፍጮ ጋር አገጣጠሙት። የመጀመሪያው ዱቄት ሲወርድ «ሕፃን ያላት ትቅደም» አሉ። ወደ እኔ ዞረው «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ሲሉኝ እንባዬ መጣ።

ከዚያ ወዲያ ኮምቦልቻ መመላለስ ቀረ፤ ማሳችን ታረመ፤ እህል ገባ። ካድሬው በዓመቱ ለሌሎቹ ማኅበራት «ወፍጮ በውሃ ይሁን» ብሎ አዘዘ፤ ሐሳቡ የራሱ ሆኖ ቁጭ!

ዛሬ «መጀመሪያ ኢኮኖሚው ያገግም፤ ንጹሕ ኃይል ኋላ ይደርሳል» የሚል ስሰማ እስቃለሁ። እኛ ያገገምነው በእሱ ነው፤ አይቼዋለሁ፤ በልቼዋለሁ።

ጋሽ ይመር፣ በሰላም ይሂዱ። አላህ ቀብርዎን ያስፋልዎት። ያኔ ልቀብረው ነው ብዬ ያለቀስኩለት ሰይድ፣ ዛሬ ቃሬዛዎን ከፊት ሆኖ ይሸከማል።