በሬዲዮ ድራማው መሀል የተቆነጠጠው ጆሮዬ

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ... አሶሳ ላይ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው እያየ ጆሮዬን ተቆነጠጥኩ። ጢም ያወጣሁ ሰውዬ ነኝ እኮ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈራችን የቲያትር ቡድን ለበዓሉ የሬዲዮ ድራማ አዘጋጀ። መድረክ ላይ ቆመን በማይክ እንጫወታለን፣ ሰው ያያል፣ ድምፁ ይቀረጽና በበዓሉ ቀን በሬዲዮ ይተላለፋል። ደራሲው እኔ። ልጁን ሆኜ የምጫወተውም እኔ። ልጁ ይደውልና «እማዬ፣ ዘንድሮ አልመጣም፣ ሥራ በዝቶብኛል» ይላል፤ እናት ብቻዋን ቀርታ ታለቅሳለች። አለቀ።

እውነቱን ልናገርና... ያቺን የስልክ ወሬ አልፈጠርኳትም። ባምባሲ ላለችው እናቴ በዚያው ሳምንት ያልኳትን ነው ቃል በቃል የገለበጥኩት። ባምባሲ ደግሞ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ገደማ ናት። ሥራም አልነበረብኝም... በዓሉን አሶሳ ከጓደኞቼ ጋር ልጨፍር ፈልጌ ነው።

አዳራሹ ስለሞላ፣ ውጭ ለቀረው ሰው ብለን የቀበሌውን ድምፅ ማጉያ ተውሰን በሩ ላይ ሰቀልን። ስህተታችን እሱ ነበር። በዚያ ማጉያ ፍየል የጠፋበት ሰው ይለፈፍለታል፣ ሕፃን ሲጠፋ ይነገርበታል፣ ክትባት ይታወጅበታል። በሱ የተነገረውን ነገር የሰፈሩ ሰው አይጠራጠርም።

እናትየዋን የምትጫወተው የሺ ናት። ገና ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ድምፅዋን ስታስረጅ ግን የሰባ ዓመት ባልቴት ናት ብላችሁ ትምላላችሁ። «ምነው አንድ ሰው እንኳ በሬን ቢያንኳኳ...» ብላ ስታለቅስ የጻፍኩት እኔ ራሴ አመንኳት።

በሩ ተንኳኳ።

ጽሑፉ ላይ ማንኳኳት የለም! ሁላችንም የድምፅ ሠራተኛችን ካሚል ላይ አፈጠጥን። ካሚል ለዝናብ ድምፅ ማሽላ የሚያንገዋልልበትን ሰፌድ እንደያዘ «እኔ አይደለሁም» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

እማማ ሐዋ ገቡ። ከአዳራሹ ጀርባ የሚኖሩ የበርታ ብሔረሰብ እናት ናቸው፤ በአማርኛ ሲናገሩ ሴቱንም ወንድ ያደርጉታል። በእጃቸው ሳህን ሙሉ ገንፎ፣ ከላዩ የባምያ ወጥ፣ ገና ይጨሳል። ሰዉን እየገፉ ቀጥ ብለው መድረኩ ላይ ወጡ።

«እናትየው የት አለ? ብቻውን ያለቅሳል... ጎረቤት ሞቷል እንዴ? ወላሂ ሐራም ነው!»

«እማማ፣ ይሄ እኮ ድራማ ነው...» አልኳቸው።

ዞር ብለው አዩኝ። «ይሄ ድምፅ! ልጁ አንተ ነህ!»

«ኧረ የውሸት ነው እማማ! የሚያለቅስ እናት የለም!»

ለእናቴ ስደውል አጠገቤ የነበረችው የሺ ግን አልማረችኝም። በዚያው በባልቴት ድምፅዋ፣ በዚያው በማይኩ... «እኔስ እናቱ አይደለሁም እማማ። የሱ እናት ያለችው ባምባሲ ነው። አልመጣም ያላት ግን የእውነቱን ነው!» አለች።

እማማ ሐዋ ሳህኑን ለየሺ አቀበሉና ጆሮዬን ያዙ። ከዚያ ጠመዘዙት።

«ሥራ ወለደህ? ሥራ አጠባህ?»

«እይይይ! ጆሮዬ! እሄዳለሁ እማማ!»

«መቼ?»

«ነገ! በመጀመሪያው መኪና!»

እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ቀረጻውን የያዘውን ልጅ ይሄን ቦታ እንዲቆርጥልኝ ብለምነው፣ ብለምነው... «አብደሃል? የድራማው ጥሩ ቦታ እኮ እሱ ነው!» አለኝ። ገንፎውን እዚያው መድረኩ ላይ ተሻምተን ጨረስነው። ምላሴ ተቃጠለ፣ ግን እንዴት እንደሚጣፍጥ!

ቃል ተገብቷል፣ ያውም በማይክ... በማግስቱ ጠዋት ባምባሲ ገባሁ። እናቴ በሩን ከፍታ ስታየኝ ሳቀችም አለቀሰችም። እሸት በቆሎ ጠበሰችልኝ። ደስ ብሎኝ ስግጥ ከሰዓት ሆነና ሬዲዮው ተከፈተ።

የስልኩ ቦታ ሲደርስ ቀና ብላ አየችኝ። ቃል በቃል ነው እኮ! ያ አስተያየቷ ከጆሮ ቁንጥጫው ባሰብኝ። አፈርኩ። ኋላ ግን «እይይይ! ጆሮዬ!» የሚለው ድምፄ ሲመጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ስትስቅ ቆይታ፣ በነጠላዋ ዓይኗን እየጠረገች...

«እኚህ ሴትዮ ማን ይባላሉ?» አለችኝ።

«እማማ ሐዋ።»

ብድግ ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። ስትመለስ አንዲት ቀይ ዶሮ እግሯን አስራ ይዛለች።

«ስትመለስ ይቺን ትሰጥልኛለህ። በሕይወቷ አድርስልኝ፣ አደራ! እሳቸው በወጋቸው ያሳርዷት። እናቱ እግዜር ይስጥልኝ ብላለች በላቸው።»

ይሄን የምጽፍላችሁ ወደ አሶሳ በሚመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ነው። ጆሮዬን ስለጠመዘዙልኝ ዶሮ ታቅፌ ላመሰግን እየሄድኩ ነው... ዶሮዋ ደግሞ ሁሉ ነገር በማን ጥፋት እንደመጣ የገባት ይመስል፣ መንገዱን ሙሉ ዓይኗን ከኔ ላይ አልነቀለችም።