በሩ ላይ ያሰመርኩት ጠመኔ

እኔ ችኮ ነኝ። እናቴም ትለኝ ነበር፤ ስድብ መሆኑ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሆኜ ከአብነት ሰፈር እስከ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር በየበሩ ሳንኳኳ ግን ችኮነቴ እንጀራዬ ሆነ።

የኮሮና ወረርሽኝ ካለፈ በኋላ ልጅ ማስከተብ ከበደ። ድሮ ቦርሳዬን ሲያዩ ልጃቸውን አቅፈው ይወጡ የነበሩ እናቶች «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ማለት አመጡ። ከሁሉ የባሰችብኝ አብነት ሰፈር ውስጥ ከአንድ ብየዳ ቤት ጀርባ የምትኖር ወጣት እናት ነበረች። ልጇ ዘጠኝ ወር ሞልቷት የኩፍኝ ክትባት አልወሰደችም። ሁለት ጊዜ ሄድኩ፤ ሁለቴም «አላስከትብም» ብላ ዘጋችብኝ።

በክትባት ዘመቻ ጊዜ የደረስንበትን ቤት በር በጠመኔ ምልክት እናደርጋለን። ልጅ ሳይከተብ የቀረበት ቤት የራሱ ምልክት አለው፤ ተመልሰን እንድንሄድ ነው እንጂ ለሰው እንዲታይ አይደለም። እኔ ግን ተናድጄ ስለነበር በሯን የሚያክል ኤክስ አሰመርኩበት። በማግስቱ ሰፈርተኛው ቤቷን ይጠቋቆም ጀመር። በሽታ አለባት ብለው የራቋትም ነበሩ።

በዚያው ሰሞን ከማዶ ግቢ አንድ ሕፃን በኩፍኝ ታመመ። የዚያችን እናት ልጅ ሳይዛት ብዬ ለሦስተኛ ጊዜ ሄድኩ። ስለ ፌስቡክ የክትባት አሉባልታ የምሰጠው ትምህርት አፌ ላይ ተዘጋጅቷል።

«ሲስተር፣ አላወቅሽኝም አይደል?» አለችኝ በሩን ገርበብ አድርጋ።

አላወቅኳትም።

«በኮሮና ጊዜ እናቴን በአምቡላንስ የወሰድሻት አንቺ ነሽ። ፊትሽ ተሸፍኖ ነበር፤ ድምፅሽን ግን አልረሳሁትም። ‹ነገ ደውዬ ስላሉበት ሁኔታ እነግርሻለሁ› ብለሽ ስልኬን ጻፍሽ። ስልኬን ታቅፌ ጠበቅኩሽ። መሞቷን የሰማሁት ከማላውቀው ሰው ነው። አሁን ‹ክትባቱ ምንም አያደርጋትም› ስትዪኝ ምን ብዬ ልመንሽ?»

አፈርኩ። ሰበብ ሞልቶኝ ነበር፤ ያኔ ስንት ስልክ እንደጻፍኩ፣ ስንት ሰው እንደወሰድን። አንዱንም አላነሳሁም።

«አልደወልኩም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። ከዚያ ጎረቤት እያየ በጋውኔ እጅጌ ኤክሱን ጠረግኩት።

«ምንም አያደርጋትም አልልሽም» አልኳት ስጨርስ። «ከሳምንት በኋላ ሊያተኩሳት ይችላል፣ ሽፍ ሊልባትም ይችላል። ያን ሰሞን በየቀኑ መጥቼ አያታለሁ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

ሁለት ቀን አስባ ልጇን ይዛ ጤና ጣቢያ መጣች። ራሴ ከተብኳት።

ከሰባተኛው ቀን ጀምሮ ማለዳ ማለዳ በሯን አንኳኳሁ። እሑድን እንኳ አልዘለልኩም፤ ባሌ «ደሞዝ ጨመሩልሽ እንዴ?» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ስደርስ ልጅቷ አተኩሷት ትነጫነጫለች። ሙቀቷን ለካሁ፣ ማስታገሻውን በልኩ ሰጠኋት፣ ጡት ቶሎ ቶሎ እንድታጠባት ለእናቷ ነግሬ እዚያው ቁጭ አልኩ። ረፋድ ላይ ትኩሳቱ በረደላትና ቴርሞሜትሬን ልትነጥቀኝ ትታገል ጀመር። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።



«ያኔም እንዳልሽው ብትደውዪ ኖሮ» አለችኝ እናትየው።

«ነገም እመጣለሁ» አልኳት። በማግስቱም ሄድኩ።