በሩ ላይ የሚቀረው ሰው

ቅናት የወጣት በሽታ ነው ሲባል ሰምቼ ተዘናግቼ ነበር። ፀጉሬ ከሸበተ፣ ጥርሴ ከሳሳ በኋላ፣ ልጆቼ "አባባ አሁንስ ተረጋግቷል" ማለት በጀመሩበት ሰዓት ያዘኝ። ሚስት ላይ ቢሆን እንኳ ለሰው ይነገራል። እኔን የያዘኝ ግን በአንድ አሮጌ ጌም ምክንያት ነው፤ ያውም ጌም አውቃለሁ የሚል ሰው ዞር ብሎ በማያየው ጌም።

ቤቴ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ነው። ፒያሳ ላይ ስሰፋ ኖሬ፣ ዓይኔ ክርና መርፌ ማገናኘት ሲያቅተው የስፌት መኪናዬን ለልጄ አስረክቤ የተቀመጥኩ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ኮምቦልቻ ነው፤ ዕድሜውን ፋብሪካ ውስጥ ጨርሶ ጡረታ የወጣ ሰው። የሠርግ ሱፉን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ "አንዱ እጅጌ አጥሮብኛል" ይላል፤ እኔም እስከ ዛሬ "አንዱ እጅህ ረዝሞ ነው" እላለሁ። ወዳጅነታችን በዚህ ክርክር ተጀምሮ በዚሁ የቀጠለ ነው።

የልጅ ልጆቹ አዲስ የጌም ማጫወቻ ሲገዛላቸው አሮጌውን ከሁለት ጆስቲክና ከአንድ የተፋፋቀ ሲዲ ጋር እሱ ቤት ጥለውት ሄዱ። መጀመሪያ የነካነው ለመሳቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሚኒባስ ይዤ የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ። ደሴ ላይ የደረብኩትን ጃኬት ቁልቁለቱ መሃል አወልቃለሁ፤ ኮምቦልቻ ስደርስ በሸሚዝ ነኝ። ለሚስቴ "ጓደኛዬን ልጠይቅ" ነው የምላት። እሷም "ቡጢ ሲሰነዝሩብህ ጎንበስ በል" ብላ ትሸኘኛለች።

ጌሙ እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች አሉ፤ አንዱ ቀይ ጃኬት፣ አንዱ ነጭ ሸሚዝ የለበሱ። ጎን ለጎን እየሄዱ ያገኙትን ሁሉ ይደበድባሉ። ቀይ ጃኬቱ እኔ ነኝ፣ ነጭ ሸሚዙ እሱ ነው። ለምን እንደሚደባደቡ ግን አናውቅም። መጀመሪያ ላይ አንድ ሰውዬ ወንበር ላይ ተቀምጦ እያለቀሰ ረጅም ነገር ይናገራል፤ ቋንቋው እንግሊዝኛም አይደል፣ አረብኛም አይደል። እኔ እህቱ ጠፍታበት ነው እላለሁ። ጓደኛዬ መሬቱን ተቀምቶ ነው ይላል፤ "ሰው ለእህቱ እንዲህ አያለቅስም" ሲል ይከራከራል።

ጉድለቱ ተወርቶ አያልቅም። ጠላቶቹ ግድግዳ እየገፉ ይሮጣሉ፤ ከኋላቸው ሄደህ ብትቆምም ግድግዳውን አይለቁም። ካሜራው ዓይነ አፋር ነው፤ ጠቡ ሲጦፍ ምሰሶ ኋላ ይደበቅና አንተ ምሰሶ እያየህ በድምፅ ብቻ ትደባደባለህ። ሞተር ሳይክል የሚነዳበት ቦታ አለ፤ ሞተሩ ከመዞር መገልበጥ ይቀለዋል። ቀይ ጃኬቱ ሲዘል ደግሞ እጁ በራሱ ደረት ገብቶ በጀርባው ይወጣል። ጓደኛዬ ይህን ባየ ቁጥር "ይሄን ጃኬት አንተ ነህ የሰፋኸው" ይለኛል።

ልጄ አዲሶቹን ጌሞች በስልኩ አሳይቶኛል። ያምራሉ፣ አልክድም። ቅጠሉ ይወዛወዛል፣ የሰዎቹ ላብ ይንጠባጠባል። ነገር ግን በቀስት እያመለከቱ እዚያ ሂድ፣ ይህን አንሳ፣ አሁን ዝለል ይሉሃል። ይህን ያህል እንድታዘዝ ከሆነማ ቤቴ ቁጭ አልልም? አሮጌው ስለ አንተ ግድ የለውም። ሠሪዎቹ ብዙ አስበው ጊዜ ያለቀባቸው ይመስላል፤ ጥድፊያቸው ይታያል። ለበዓል ዋዜማ የተሰፋ ልብስ በሉት፤ ውስጡን ብትገለብጠው ክሩ ተንጠልጥሏል፣ ሲለብሱት ግን ያስጨፍራል። ቡጢው ሲያርፍ የሚያወጣው ድምፅ ብቻውን የሚኒባሱን መንገድ ያስረሳል። ደረቅ እንጨት ሲሰበር ያለው ድምፅ ነው። አዲሶቹ ላይ ያ የለም።

ደግሞም ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ የሚጫወተው ነው። አዲሶቹን ጌሞች ልጆቹ ሁሉ በየስልካቸው፣ አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚጫወቷቸው።

እኛን ያሸነፈን አንድ በር ነበር። ሦስተኛው ሌቨል መጨረሻ ላይ የብረት በር አለ። አንዱ ሲገባ ከኋላው ይዘጋና ሌላው ውጭ ይቀራል፤ ከውጭ ያለው ጠላት ደግሞ ማለቂያ የለውም። አንድ ቀን ሚስቱ ጆስቲኬን ተቀብላ ስትሞክር ገብታ አይተነዋል፤ ባሏን ውጭ ማስቀረቷን ስታይ ደንግጣ ማጫወቻውን አጠፋችው። ይሄ የጌሙ ጉድለት ነው፣ ለሁለት ሰው የሚሆን በር መሥራት ረስተዋል ብለን ደመደምን። ስለዚህ እዚያ ስንደርስ ሁልጊዜ የሚሆነው አንድ ነው።

"ግባ" ይለኛል።

"አንተ እያለህ? አንተ ግባ እንጂ።"

"በሞቴ ግባ።"

"አፈር ስሆን፣ ቅደም።"

እንዲህ ስንባባል ሁለታችንንም በሩ ላይ ይገድሉናል። ለዓመታት እንዲህ ሞተናል። እንደማስበው ጓደኛዬን ውጭ ጥዬ ገብቼ ቴሌቪዥን ፊት አብሬው መቀመጥ አልችልም ነበር። ከቤት ስንወጣም ቢሆን ያው ነን፤ ሚስቱ ስንት ጊዜ ሁለታችንንም ከኋላ ገፍታ አስወጥታናለች።

ባለፈው ክረምት ዓይኔን ሞራ ጋረደውና ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተሠራሁ። ደህና አድርገው ሠሩኝ። ለጥቂት ሳምንታት ግን ከአቧራ ራቅ፣ ቴሌቪዥን ላይ አታፍጥጥ አሉኝ። ጓደኛዬ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀኝ ደሴ ድረስ መጣ።

"ጌሙስ?" አልኩት።

"ያለ አንተ ማን ይነካዋል?" አለኝ።

ይህን ቃል ትራስ አድርጌ ተኛሁበት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልክ ደወለ።

"ስማ፣ በሩን አለፍነው" አለኝ።

የወጋችኝ "አለፍነው" ውስጥ ያለችው "ነ" ናት። "አለፍኩት" ቢለኝ ኖሮ እሰይ ብዬ እመርቀው ነበር። በአማርኛ ሰው በአንዲት ፊደል ይታረዳል።

"ከማን ጋር?" አልኩ፣ ድምፄን ደህና ሰው አስመስዬ።

"ከሹፌሩ ጋር ነዋ። የጅቡቲ መስመር ሲነዳ የነበረው፤ እኛ ሰፈር ቤት ገዝቶ ገባ። ወላሂ እጁ ልዩ ነው።"

ጓደኛዬ ክርስቲያን ነው፤ ከልቡ ሲያደንቅ ግን እንደ ማንኛውም ወሎዬ ወላሂ ይላል። ተኝቼ አሰብኩ። በእኔ እጅ ወላሂ ብሎ ያውቃል? የሠርጉን ሱፍ ጨምሬ አሰብኩ። አላገኘሁም።

ሚስቴ መነጫነጬ ሲበዛባት "ምን ሆንክ? ዓይንህን ነው?" አለችኝ።

"ዓይኔን ነው።"

"የትኛውን?"

"ያልተሠራውን።"

ሐኪሞቹ በቃህ ባሉኝ በመጀመሪያው ቅዳሜ ወረድኩ። ሹፌሩ በእኔ ቦታ ላይ፣ በእኔ ትራስ ተደግፎ፣ ቀይ ጃኬቱን ይዞ ተቀምጧል። ዓይኔ ባይሠራ ኖሮ ምንኛ ጥሩ ነበር። ረጅም ነው። ጥርሱ ሁሉ የራሱ ነው። ፂሙን ሂና ተቀብቷል፣ አምሮበታልም። ሲያየኝ ብድግ አለ።

"አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጋሼ። እንኳን ለዚህ አበቃዎት።"

ጋሼ አለኝ። እኩያዬ ነው፤ እንዲያውም ሳይበልጠኝ አይቀርም። ሰላምታዬን መልሼ ሳልጨርስ ጆስቲኩን ዘረጋልኝ።

"ይጫወቱ" አለ።

"የለም፣ እርስዎ ይቀጥሉ" አልኩት።

ይህ እንግዲህ በእኛ ዘንድ እምቢታ አይደለም። የመጀመሪያው "የለም" ጉሮሮ መጥረጊያ ነው፣ ሁለተኛው ጨዋነት ነው፣ በሦስተኛው "ኧረ ተዉ" እያሉ ይቀበላሉ። ሹፌሩ ግን "እሺ" ብሎ ተቀመጠ። እጄ ግማሽ መንገድ ወጥቶ ስለነበር አንገቴን አከክሁበት።

ዳር ላይ ተቀምጬ ማየት ጀመርኩ። በአዲሱ ዓይኔ ጌሙን ያየሁት ያኔ ነው። ጠላቶቹ ሁሉ አንድ ፊት ነው ያላቸው፤ አንዱ ተቆርጦ ለሁሉም ተሰጥቷል። ለዓመታት ባሕር እያልኩ ሳደንቀው የኖርኩት ሰማያዊ ነገር ባሕር አይደለም፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሸራ ነው። ይህን ሁሉ አየሁና ባሰብኝ። አስቀያሚነቱ ገብቶኝ እንኳ በሌላ ሰው እጅ ማየት አልቻልኩም።

በሩ ጋ ደረሱ። ጓደኛዬ አፉን ከፈት አደረገ፣ ከልማድ የተነሳ ይመስለኛል። ሹፌሩ ግን ሳይለምኑት፣ ቃል ሳይተነፍስ ገባ። በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ። ነጭ ሸሚዙን ውጭ ከበው ደበደቡትና ወደቀ። ቴሌቪዥኑ ጨለመ። መልሶ ሲበራ ሁለቱም ውስጥ ናቸው፤ ነጭ ሸሚዙ አቧራ እንኳ ሳይነካው ቆሟል።

"አየህ?" አለኝ ጓደኛዬ። "አንዱ ይገባል፣ የቀረው ሲሞት እዚያ ይነሳል። ጉድለት አልነበረም።"

ስንት ዓመት በይሉኝታ እንደሞትን ማሰብ ፈራሁ።

"እንዴት አወቁት?" አልኩት ሹፌሩን።

"ምን አውቃለሁ ጋሼ። በር ተከፍቶ አየሁ፣ ገባሁ።"

ጓደኛዬ ሳቀ። ሳቁ ነው የባሰኝ። ሰውዬው ውጭ ጥሎት፣ አስደብድቦት ገብቶ እሱ ይስቃል። እኔ አብሬው ስሞት ኖሬ አንድ ቀን አልተመሰገንኩም። ከዚህ ወዲህ ቅዳሜ የማን እንደሆነ መጠየቅ አለብኝ አልኩ በልቤ፤ መልሱን ግን ፈራሁ።

የዙህር አዛን ሲሰማ ሹፌሩ ጆስቲኩን አስቀምጦ ወደ መስጊድ ሄደ። ጓደኛዬ ጆስቲኩን አንስቶ ጭኔ ላይ አኖረው። ትራሱን ገልብጬ ተደገፍኩበት።

ሦስተኛውን ሌቨል ጀመርን። እጄ ዝጓል፤ ሞተሩን ገለበጥኩት፣ ምሰሶ ስደበድብ ቆየሁ፣ እሱ ሰደበኝ፣ ደስ አለኝ። በሩ ጋ ደረስን።

"ግባ" አልኩት፣ እንደ ድሯችን።

ገባ።

በሞቴ የለ፣ አንተ ቅደም የለ። ሹፌሩ አስተምሮታል። በሩ ተዘጋና ቀይ ጃኬቴን ለብሼ ውጭ ቀረሁ። ጠላቶቹ መጡ። ከእኔ የሚጠበቀው መሞት ብቻ ነበር። እልህ ያዘኝና አልሞትም አልኩ። ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ አንዱን በቡጢ፣ አንዱን በእርግጫ መለስኩ። በተሠራው ዓይኔ እያንዳንዱ ምት ከየት እንደሚመጣ ይታየኛል።

"ሙት እንጂ" አለኝ ጓደኛዬ።

"እሺ፣ ቆይ።"

"ምን እቆያለሁ? አንተ ካልሞትክ እኔ እዚህ መንቀሳቀስ አልችልም።"

"እየሞከርኩ ነው" አልኩት፣ ሌላውን እየጣልኩ።

ሚስቱ ከጓሮ "ምንድን ነው የሚያጨቃጭቃችሁ?" አለች።

"አልሞት አለኝ።"

"ማን?"

"ይሄ ልብስ ሰፊ።"

"ይኑር ተወው፤ ምን አደረገህ?"

ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞሮ ክንዴን ያዘ። "ኧረ በሞቴ ሙት" አለኝ።

በዕድሜዬ ብዙ በሞቴ ተብያለሁ። ብላ ተብያለሁ፣ እደር ተብያለሁ፣ ሱፉን ለቅዳሜ አድርስልኝ ተብያለሁ። በሞቴ ሙት ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። ውስጤን ሞቅ አደረገው። ስለዚህ ትንሽ ተጨማሪ ሰው ደበደብኩ።

"አፈር ስሆንልህ ሙትልኝ" አለ።

"ምን ቸኮልክ?"

"ብቻዬን ቆሜልሃለሁ እኮ። እባክህ ና።"

ይችን "ና" ነበር ስጠብቅ የከረምኩት፤ ራሴም ያወቅሁት ሲላት ነው። ጣቴን ከጆስቲኩ ላይ አነሳሁ። ከበቡኝ፣ ወደቅሁ፣ ጨለመ፣ በራ። ከጎኑ ቆሜያለሁ።

"የት ቆየህ?" አለኝ፣ ገበያ ልኮኝ የዘገየሁበት ይመስል።

የበሩ ማዶ እንዲያ የተለፋለት አይደለም። ባዶ መጋዘን ነው፤ ጣሪያውን መሥራት ረስተውታል። ቢሆንም ዞር ዞር ብለን አየነው። ጥቂት ሄደን አንድ በርሜል ኋላ ስንደበቅ መያዝ ያቃተኝን ጥያቄ አመጣሁት።

"ሹፌሩንም እንዲህ ትለምነዋለህ?"

"እሱ?" አለኝ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል። "እሱን ምን ብዬ እለምነዋለሁ። እሱ ልመና የሚያስፈልገው ሰው አይደለም።"

ሹፌሩ ተመልሶ ሲገባ ከኋላችን ተቀምጦ "ጎበዝ ናቸው ጋሼ" አለ። ከልቡ ነው፤ ክፋት የለበትም፤ ይሄም ያናድዳል።

ወደ ማታ ሚኒባሱ ሐረጎን ሲያቃስት ሲወጣ የጓደኛዬን ቃል እያገላበጥኩ ተቀመጥኩ። ልመና የማያስፈልገው ሰው። ሙገሳው ለማን ነው? እኔ የምለመን ውድ ሰው ነኝ ማለቱ ነው፣ ወይስ ሹፌሩ የማያስቸግር ቀላል ሰው ነው ማለቱ? ዳገቱ አጋማሽ ላይ ለእኔ ነው ብዬ ወሰንኩና ከጎኔ ላለው ተሳፋሪ ፈገግ አልኩለት። ደሴ ስንገባ ግን ብርዱ መጣ፣ ጃኬቴን ደረብኩ፣ እንደገና ተጠራጠርኩ።