በሁለት ሰዓት ውስጥ ትደርሻለሽ?

ለበረራ አስተናጋጅነት አፕላይ ያደረግኩት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ፋርመርስ ብራንች የሚባል ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ አምስት ዓመት ካርቶን ሳሽግ ወገቤ አልቆ ነበር። ኤርፖርት የምትሠራ ጓደኛዬ፣ ስለ ዕድሜሽ አትጨነቂ፣ እነሱ የሚያደርቁሽ በስኬጁል ነው አለችኝ። ስልክ ሲደወልልሽ በሁለት ሰዓት ውስጥ ኤርፖርት ትደርሻለሽ? በበዓል ትሠሪያለሽ? ሌላ ከተማ ብንመድብሽስ? ይሉሻል፤ ለሁሉም ሳታመነቺ መልሺ፤ ስለ እናትሽ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ ብላ አስጠነቀቀችኝ።

እናቴ ሳክሲ ከተማ ባለው ቤቴ አብራኝ ነበር የምትኖረው። ስኳር ዓይኗን ስላደከመው የኢንሱሊን መርፌዋን ጠዋትና ማታ የምወጋት እኔ ነበርኩ። ኢንተርቪው እንደተጠራሁ ስነግራት ከእኔ በላይ ተደሰተች፤ ጠያቂዋ እኔ ነኝ፣ ተለማመጂ አለች። እንግሊዝኛ አታውቅም፤ የሚጠይቁኝ በእንግሊዝኛ ነው ስላት፣ በአማርኛ ያላወቅሽውን በእንግሊዝኛ ከየት ልታመጪው ነው ብላ ዝም አሰኘችኝ። ጥያቄዎቹን በቃሏ ይዛ፣ ፊቷን ኮስተር አድርጋ ምግብ ጠረጴዛው ጋ ትቀመጣለች። እኔ በሳቅ ስፈርስ፣ ሥራ ፈላጊ እንዲህ አይገለፍጥም ትለኛለች። ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆነን ከረምን።

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ከቤት የሚይዝሽ ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ጓደኛዬ እንዳስጠናችኝ ቀጥ ብዬ፣ «የለም። የሚጠብቀኝ ሰው የለም» አልኩ።

የጠያቂነት ፊቷን ተወችው። እንዲህ ብለሽ ነው የምትነግሪያቸው አለችኝ። ለሥራው ነው፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው አልኳት። እናቴ ደግሞ በውሸት ነገር አትቻልም። ስልክ አንስታ «የለችም በይልኝ» ስላት፣ «አለች፤ ላናግር አልፈልግም ብላለች» ብላ የምታስተላልፍ ሴት ናት። በውሸት የመጣ እንጀራ በጉሮሮዬ አይወርድም አለች። ደሜ ፈላ። ታዲያ አንቺን ስወጋ ልኑር? ዕድሜ ልኬን ካርቶን ላሽግ? አልኳት። ምላሴን በቆረጠው። ተነስታ ክፍሏ ገባች፤ ከማን ጋር እንደሆነ እንጃ፣ በስልክ ስታወራ ቆየች።

ኢንተርቪው ሐሙስ ጠዋት ነበር። ልብሴን ለብሼ መርፌዋን ይዤ ስመጣ ክንዷን አወጣችልኝ። ሁልጊዜ ቶሎ በይ እያለች የምትነጫነጭ ሴትዮ ያን ቀን፣ ቀስ ብለሽ ውጊኝ አለችኝ። ስጨርስ እጄን ያዝ አድርጋ ቆየችና፣ በይ ሂጂ፣ ይረፍድብሻል አለች። አንድም ነገር አልጠረጠርኩም።

ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል አንድ ወንድና አንዲት ሴት ፊት ተቀመጥኩ። ስለ በዓሉ መለስኩ፣ ስለ ከተማውም መለስኩ። ሴትየዋ ፈገግ ብላ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዳትደርሺ የሚያደርግ ነገር ቤትሽ አለ ወይ ስትለኝ ልመልስ ስል ፀጉሬን ከፊቴ ለማንሳት እጄን አነሳሁ። ጣቴ መርፌ ከመውጋቴ በፊት የእናቴን ክንድ የምጠርግበት አልኮል ይሸታል። የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋብኝ። እናት አለችኝ፣ ጠዋትና ማታ እወጋታለሁ፣ የሚተካኝ ሰው ገና አላገኘሁም አልኳቸው። አመስግነው ሸኙኝ። አመሰጋገናቸው ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ እንግሊዝኛ አያስፈልግም።

ግን መኪናዬ ውስጥ ስገባ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቀለል ብሎኝ ነበር። ይቅርታ እጠይቃታለሁ፣ ስለ አንቺ ነገርኳቸው እላታለሁ፣ ደስ ይላታል እያልኩ ነዳሁ። ቤት ስገባ አልጋዋ ተነጥፏል። ፍሪጁን ስከፍት በሩ ላይ የነበረው የኢንሱሊን ካርቶን የለም። ወዲያው ኮል አደረግኩላት። መኪና ላይ ነበረች። ዴንቨር የሚኖረው ወንድሜ መጥቶ እየወሰዳት ነው፤ ለካ እሁድ የደወለችው ለእሱ ነው።

«አይዞሽ» አለችኝ። «አንቺ የሚጠብቀኝ ሰው የለም ከማለትሽ በፊት ነው ከቤት የወጣሁት። ሰዓቱን አይቻለሁ። አልዋሸሽም፣ ልጄ።»

«እማዬ፣ እናት አለችኝ ነው እኮ ያልኳቸው» አልኳት።

ተመለሺ ብዬ ለመንኳት፣ ወንድሜ ላይም መኪናውን አዙር ብዬ ጮህኩበት። እሷ ግን እሺ አላለችም።

«ሌላ ጊዜ ይጠይቁሻል» አለች። «ያኔ ሳትፈሪ የለም በያቸው።»

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ዴንቨር ሄጄ ለመንኳት፤ ወይ ፍንክች። መርፌዋን አሁን የምትወጋት የወንድሜ ሚስት ናት፤ እናቴም የእሷ እጅ ከአንቺ ይሻላል ብላ ታበሽቀኛለች። ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ ሰው እየፈለጉ ነው ብላ የማመልከቻውን ሊንክ ላከችልኝ። ከፍቼ አየሁት፤ ከቤት የሚይዝሽ ነገር አለ ወይ የሚለው ያው ጥያቄ አለበት። አሁን የለም ብል ውሸት አይሆንም። እስካሁን አልሞላሁትም።