ሮጦ የመጣ ሞተር

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለእናቴ አልተናገርኩም፤ ጋራዥ አብረውኝ ለሚውሉትም አልተናገርኩም። ንስሐ አባቴ ፊት ተንበርክኬ «ዋሽቻለሁ» ብዬ ነበር። ማንን እንደዋሸሁ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልጨመርኩም። ስለዚህ ያኛው ኑዛዜ አይቆጠርም። የሚቆጠረው ይኼ ነው። አንተ የማላውቅህ አንባቢ፣ አንተም አታውቀኝምና ሳታቋርጠኝ ስማኝ።

አንድ ነገር ላስቀድም። ባለ አራት ሲሊንደሩን በመምረጤ አልጸጸትም። ዛሬም ሁለቱን መኪኖች ጎን ለጎን አቁመው ቢጠይቁኝ ያንኑ እመርጣለሁ። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ሰፈሩ ሁሉ ለዓመታት ጥፋቱን ሞተሩ ላይ ሲጭን እየሰማሁ ዝም ስላልኩ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ለማንም አላካፍለውም፤ ለብረትም ቢሆን።

ያን ጊዜ ኮልፌ፣ ከአጣና ተራ ዝቅ ብሎ ባለ ጋራዥ እሠራ ነበር። አሁንም እዚያው ነኝ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። የሞተርን ነገር የተማርኩት በስኳር መጠቅለያ ነው ብል ውሸት አይሆንም። የሰፈራችን ባለ ሱቅ ስኳርና ጨው የሚጠቀልለው ከውጭ አገር የመኪና መጽሔት በተገነጠለ ቅጠል ነበር። ንጹሕ ጋዜጣ እየወሰድኩለት ቅጠሎቹን እለውጠው ነበር። እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ፣ የጎደለውን ገጽ በሐሳቤ እየሞላሁ አነብ ነበር። ብዙ ስለማልናገር ጋራዥ ውስጥ «መነኩሴው» ይሉኛል። አልጠላሁትም።

ጋሽ ሽፋ ዕድሜያቸውን አሰብ መንገድ ላይ በከባድ መኪና የፈጁ ሰው ናቸው። ወገባቸው ሲጎዳ ሐኪሙ ከዚያ ወንበር ካልወረድክ ትሽመደመዳለህ አላቸው። ከከባዱ መኪና የነበራቸውን ድርሻ ሸጡና አንድ ሐሳብ ያዙ፦ ሁለት በር ያላት፣ ሰው ዞሮ የሚያያት ስፖርት መኪና ገዝተው ለሙሽራ ማከራየት። በዚያ ዘመን ሙሽራ የሚያኮራ መኪና ያለው ሰው ጥቂት ነበር። ቤተሰባቸው በዚያ ያድራል፣ ወገባቸውም ያርፋል። ሌላ መተዳደሪያ አልነበራቸውም። ይህን አውቅ ነበር። አላወቅሁም ማለት አልችልም።

አገር ለቀው የሚሄዱ ሁለት ፈረንጆች ሁለት ያገለገሉ ስፖርት መኪኖች ለሽያጭ አቀረቡ። አንዷ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናት። ሌላዋ ባለ አራት ሆና ተርቦ አላት። ጋሽ ሽፋ የትኛዋን ልግዛ ብለው ጋራዣችን መጡ።

የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ደምሴ ለማሰብ እንኳ አልቆሙም። «ሽፋ፣ በሬ ስትገዛ ጥርስ ትቆጥራለህ፣ ሞተር ስትገዛ ሲሊንደር ቁጠር። ስድስት ከአራት ይበልጣል፤ ለዚህ መጽሔት ማንበብ አያስፈልግም» አሉ። የመጨረሻዋ ቃል ለእኔ የተወረወረች ነበረች። ሰው ሁሉ ሳቀ።

እኔም ተናገርኩ። «መነኩሴው አፍ አወጣ!» አለ አንዱ፤ አላቆምኩም። ባለ ስድስቱ የሚተነፍሰው ያገኘውን አየር ነው፣ የአዲስ አበባ አየር ደግሞ ስስ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለው ጉልበት እዚህ ሲደርስ ይጎድላል አልኩ። ተርቦ ማለት በማርሚታው በኩል በሚወጣው ትኩስ ጭስ የምትሽከረከር ትንሽ ብረት ናት፤ አየሩን እየጠቀጠቀች ለሞተሩ ታጎርሰዋለች፣ ስለዚህ አቀበት ላይ አራቱ ስድስቱን ይጥለዋል አልኩ። ቤንዚን በኩፖን በሆነበት አገር ስድስት አፍ ከመመገብ አራት አፍ መመገብ ይሻላል አልኩ። ያልኩት ሁሉ ትክክል ነበር።

ጋሽ ሽፋ የጭነት መኪና ሰው ናቸውና በወሬ አያምኑም። ሁለቱንም መኪኖች ተውሰው የእንጦጦን አቀበት አወጧቸው፤ እኔ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የባለ ስድስቱ ድምፅ ያምራል፣ አልክድም። እንደ ወፍራም ሐር ለስላሳ ነው። አቀበቱ ሲጠና ግን ድምፁ እንዳማረ ቀረና ጉልበቱ ከዳው። ባለ አራቱ መጀመሪያ ያመነታል፤ ከዚያ ተርቦዋ ስትነሣ ጀርባህን ከወንበሩ ጋር ያጣብቅሃል። ጋሽ ሽፋ ጫፍ ላይ አቁመው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ የምትለውን ታውቃለህ» አሉኝ።

ይህን ያለኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ሰበብ እያቀረብኩ አይደለም። በደሉ የበቀለበትን መሬት እያሳየሁህ ነው።

ከዚያ ክርክር በፊት ባለ አራቷን መኪና እንዳያት ጋሽ ሽፋ ብቻዬን ልከውኝ ነበር። ባለቤቷ ከጦር ኃይሎች ከፍ ብሎ የሚኖር፣ ገጠር ለገጠር ውሃ ሲያስቆፍር አማርኛ የለመደ ፈረንጅ ነበር። ኮፈኑን ከፍቶ ሁሉን አሳየኝ። ስሰናበተው እጄን ያዘና ተርቦዋን በጣቱ እየጠቆመ፣ «ይሄ ሮጦ መጣ፤ ወዲያው አይተኛም። ሳታጠፋ ሁለት ደቂቃ ቁም፣ ይተንፍስ። ለሚገዛው ሰው ንገር፤ አደራ» አለኝ።

ከፈረንጅ አፍ አደራ የሚለውን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ነገሩንም ከመጽሔቱ ቅጠል አውቀው ነበር። ያቺ ብረት ስትሽከረከር ትግላለች፤ ከመቃጠል የሚያድናት የሚፈስባት ዘይት ብቻ ነው። ዘይቱ የሚፈሰው ደግሞ ሞተሩ ሲሠራ ነው። ትኩስ እንዳለች ሞተሩን ካጠፋኸው ዘይቱ እላይዋ ላይ ቆሞ ያራል። አንድ ቀን አይገድላትም፣ ሁለት ቀንም አይገድላትም። እየቆየ ይገድላታል።

ታዲያ በዚያ ዘመን ሞተር የማያጠፋ ማን ነበር? ሹፌር ሁሉ ቁልቁለት ሲያገኝ ማርሹን ነጻ አድርጎ ፎሌ ላይ ጥሎ፣ ቁልፉን መልሶ፣ መኪናውን በክብደቱ ብቻ ይለቀዋል። አንዲት ጠብታ ቤንዚን ማዳን ነውር አልነበረም፤ ሙያ ነበር፤ ሹፌር የሚመሰገንበት ነበር። በዚህ ሙያ ደግሞ ኮልፌ ውስጥ ከጋሽ ሽፋ የሚስተካከል አልነበረም።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው የተከራከርኩት። ጋሽ ደምሴ መጨረሻ ላይ አንድ ትክክለኛ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ያ ተርቦህ ቢበላሽ እዚህ አገር ማን ይሠራዋል?» አሉኝ።

«በደንብ ከተያዘ አይበላሽም» አልኩ።

በዚያች «በደንብ» ውስጥ አደራውን ቀበርኩት። ለምን? ብናገር እንደሚስቁ አውቅ ነበር። «እሹሩሩ ብለህ የምታስተኛው ሞተር» ይሉ ነበር። ጋሽ ሽፋም ሰምተው ስድስቱን ሊመርጡ ይችሉ ነበር። ቢመርጡስ? መብታቸው ነበር! ወገባቸው የእሳቸው፣ ገንዘባቸው የእሳቸው፣ ልማዳቸውም የእሳቸው። እኔ ግን ማሸነፍ ፈለግሁ። እውነት ይዤ ነበር፤ እውነቱን ግማሽ አደረግሁት። ከገዙ በኋላ እነግራቸዋለሁ አልኩ ለራሴ። ገዙ። አልነገርኳቸውም።

እዚህ ላይ ረሳ ብለህ እንዳትፈርድልኝ። አልረሳሁም። በገዙ ሰሞን እስከ አስኮ ወስደውኝ ስንመለስ፣ ከኮልፌ ወደ ጦር ኃይሎች የሚወርደውን ቁልቁለት ስንጀምር ጋሽ ሽፋ ቁልፉን መለሱት። ሞተሩ ዝም አለ። ነፋሱ ብቻ ይሰማ ነበር። አቀበቱን በኃይል ነበር የመጣነው፤ ከኮፈኑ ሥር ያቺ ብረት ምን ያህል ግላ እንደነበረች አጠገባቸው ተቀምጬ በልቤ እለካው ነበር። እሳቸው ፈገግ ብለው፣ «ሰማህ? ያለ ቤንዚን ስትሄድ እንዴት ደስ ትላለች» አሉኝ።

እኔም ፈገግ አልኩ። ያ ፈገግታ ነው በደሌ። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር፤ ሁለት ደቂቃ የሚለው ቃል። ከተናገርኩ «ይህን መቼ ነው ያወቅኸው?» ይሉኛል። ያን ጥያቄ ፈርቼ ዋጥኩት። ቁልቁለቱ አለቀ፣ ሞተሩን አስነሡት፣ እኔ ወረድኩ።

መኪናዋ አንድ የሰርግ ወራት ሙሉ ሠራች። ጋሽ ሽፋ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ አበባ አሥረው ሲያልፉ ጋራዡ በር ላይ ጥሩምባ ይነፉልን ነበር። ጋሽ ደምሴ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። እኔ ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ አንድ እሑድ ሙሽራ ይዘው ከአስኮ ሲወጡ አቀበቱ መሃል ጉልበቷ ጠፋ። ከማርሚታዋ የወጣው ሰማያዊ ጭስ አጃቢውን ሁሉ ሸፈነው። ሙሽራዋን ከነቬሏ አውርደው፣ ሰው ፊት ለፊት ተፋጥጦ የሚቀመጥበት ውይይት ታክሲ ውስጥ ከገበያተኛ ጋር አስቀመጧት። የሙሽራዋ አጎት ጋሽ ሽፋን መንገድ ላይ በሰው ፊት የሰደባቸውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። መኪናዋ ተጎትታ ጋራዥ ገባች። ፈታኋት። የተርቦዋ ዘንግ ላይ ዘይቱ አርሮ እንደ ከሰል ተጋግሯል። ልክ መጽሔቱ እንደሚለው፤ ልክ ፈረንጁ እንዳለው።

መለዋወጫው አገር ውስጥ አልተገኘም። ከውጭ ማስመጣት ደግሞ በዚያ ጊዜ የማይታሰብ ነበር። ጋሽ ደምሴ ለመጣው ሁሉ «አራት ብቻ ነው ብዬ ነበር» ይሉ ጀመር። እኔ ሞተሩን ተከላከልኩ። ዘይቱ ጥራት የለውም ብዬ ተከራከርኩ። ሞተሩን ተከላከልኩ፤ ሰውየውን ግን አልተከላከልኩም።

አንድ ጠዋት ሌላ ሰው ሳይገባ ጋሽ ሽፋ መጡ። ወገባቸውን በእጃቸው ደግፈው መኪናዋን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ «አንተ ልጅ፣ አንተ ደህና ነገር መርጠህልኝ ነበር። እኔ ማድረግ ሲገባኝ ሳላደርገው የቀረሁት ነገር ይኖር ይሆን?» አሉኝ።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶልኝ ነበር። ከዚህ በላይ እንዴት ይከፈታል?

«የለም፣ ጋሽ ሽፋ» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ተንፍሰው። «እንግዲያው ከላይ ነው።»

የእኔን ሥራ ለአምላክ ሰጥተውት ሄዱ። እኔም ዝም ብዬ አስረከብኩ።

ጋሽ ሽፋ ተቀጥረው ወደ አሰብ መንገድ ተመለሱ። ሐኪሙ ያለው አልቀረም። ዛሬ ከምርኩዛቸው ጋር ግቢያቸው በር ላይ ይቀመጣሉ። መኪናዋ ከጀርባቸው በቆርቆሮ ሥር ቆማለች፤ ዶሮ ያድርባታል። ሳልፍ ይጠሩኛል፣ እናቴን ይጠይቁኛል፣ ይመርቁኛል። ያ ምርቃት ምን እንደሚያደርገኝ አልገልጽም፤ ገልጬ እንድታዝንልኝ አልፈልግም።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ያለፈው ሳምንት ነው። አንድ ጎረምሳ ጋራዥ መጥቶ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ፦ ያገለገለ ስፖርት መኪና አግኝቻለሁ፣ ባለ ስድስት ይሻላል ወይስ ባለ አራት ከነተርቦው? ጋሽ ደምሴ ከት ብለው ሳቁ። «ሂድና የሽፋን ግቢ እይ» አሉት። «ደግ ሹፌር ነበር፤ ነገር ግን አራት ሲሊንደርና ያልተማረ እጅ ምን እንደሚሠሩ ታያለህ።»

ሞተሩን ሲሰድቡ ኖሬያለሁ። የጋሽ ሽፋን እጅ ሲሰድቡ ግን መፍቻውን አስቀመጥኩ። በሰው ሁሉ ፊት ለልጁ «ባለ አራቱን ግዛ። ሳታጠፋው ግን ሁለት ደቂቃ ቁም፤ ቁልቁለት ላይም አታጥፋው። ይህ ካስቸገረህ ስድስቱን ግዛ፤ ነውር የለውም» አልኩት። ጋሽ ደምሴ «ይህን ደግሞ ከየት አመጣኸው?» አሉኝ። ሳልመልስላቸው ወጣሁ። መልሱን መጀመሪያ መስማት ያለባቸው እሳቸው አልነበሩም።

ጋሽ ሽፋ የሚያነቡት ቁርዓናቸውን ነው፤ የአማርኛ ፊደል አልቆጠሩም። ስለዚህ ይህን ወረቀት ነገ ግቢያቸው በር ላይ ቁጭ ብዬ እኔው አነብላቸዋለሁ። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ዕድሜዬ ለመዋሸት ከበቃ እውነት ለመናገርም ይበቃ ነበር። ስለ ምርጫዬ ይቅርታ አልጠይቅም። አራቱ ትክክል ነበር። ትክክል በመሆኑም ነው በደሌ የከፋው፤ ደህና ነገር መርጬ፣ ደህንነቱን የሚጠብቀውን ቃል ነው የነፈግኋቸው። ስለዚያ ቢረግሙኝ አልከራከርም፤ ይቅር ቢሉኝም ይገባኛል ብዬ አልቀበልም።

ጋሽ ሽፋ፣ ያን ጠዋት ለጠየቁኝ መልሱ ይኸው፦ ነበረ። ማድረግ የሚገባዎት ነገር ነበረ። ሁለት ደቂቃ ሞተሩን ሳያጠፉ መቀመጥ ነበር። እርስዎ አላወቁም፤ የማውቀው እኔ ነበርኩ፣ ከጎንዎ ተቀምጬ። ከላይ አልነበረም።