የአሰብ ድርቆሽ

1970 ዓ.ም. ነበር፣ እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እንጀራ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ የሚሰጠው ያ ኮምጣጣ ሽታ ዛሬም ከጎረቤት ግቢ ከመጣብኝ ተነስቼ መስኮቱን እዘጋለሁ። ብዙ አልተማርኩም፣ የሆነውን ግን እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ቤታችን ኮልፌ፣ ከቀራንዮ መንገድ ገባ ብሎ ነበር። አባቴ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበር በመጣ ቁጥር አሸዋው እንዴት እንደሚያቃጥል፣ ውሃው እንዴት ጨው እንደሆነና ማለቂያ እንደሌለው ሲያወራልን እኔና ታላቅ ወንድሜ ግርማ አፋችንን ከፍተን እንሰማው ነበር። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ «ጥር ላይ፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ ሁላችሁንም ወስጄ ባሕሩ ዳር አስቀምጣችኋለሁ» አለ። እናቴም ከዱቄት ከረጢት የመዋኛ ቁምጣ ሰፋችልኝ፣ ማታ ማታ ለብሼው እተኛ ነበር።

ኅዳር ላይ ሰፈሩ ድምፁ ጠፋ። ጠዋት ስንወጣ ከፌርማታው አጠገብ ሰው ወድቆ እናይ ነበር፣ እናቴም ፊቴን በነጠላዋ ሸፍና ታሳልፈኝ ነበር። ግርማ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር፣ ከጓደኞቹ ቀበሌ ተጠርተው ያልተመለሱ ነበሩ። የበራችን ቆርቆሮ በተንኳኳ ቁጥር እናቴ መጀመሪያ የምታየው የግርማን ፊት ነበር።

ጥር ሲገባ ስንቅ ጀመረች። ውሃ ዳር ሰው ምን እንደሚበላ ስለማታውቅ «እዚያ ያለው ዓሣ ብቻ ነው፣ ልጆቼን ሊያሳምምብኝ ነው» ብላ፣ ለጥቂት ቀን ጉዞ የወር እንጀራ ቆራርሳ ለድርቆሽ ግቢው ውስጥ አሰጣችው። ከከተማ ለመውጣት ከቀበሌ ይለፍ ማውጣት ያስፈልግ ነበር፣ እሱን አባቴ ሲመጣ ሊጠይቅ ነው፣ እሷ ግን ድርቆሹን አስቀደመች። ይለፍ ሳይጠይቅ ድርቆሽ ያሰጣ ቤት ደግሞ በዚያ ጊዜ የሚባለው አንድ ነገር ነው፣ አገር ጥለው ሊጠፉ ነው።

ካሣ መጣ። ከእኛ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ የሚኖር፣ ከግርማ ጋር ኳስ ሲራገጥ ያደገ፣ አሁን ግን አብዮት ጥበቃ ሆኖ ጠመንጃ የያዘ ልጅ ነው።

«እትዬ አስካለ፣ ሠርግ አለ እንዴ?» አለ፣ በአፈሙዙ ወደ ሰፌዱ እያሳየ።

«አሰብ ልንሄድ ነው፣ ባሕር ልናይ» አለ ግርማ።

ካሣ ሳቀ። «ባሕር ምኑ ይታያል? ልትሻገሩ ነው በለኛ!»

እናቴ ከግርማ ፊት ቆመችና «አትስማው ካሥዬ፣ ቀልዱ ነው። ለዘማች ስንቅ ነው» አለች።

«ይሄ ሁሉ?»

«ሁሉም።»

አንዷን አንስቶ ቆረጠመና «በርቱ። ነገ ጠዋት ታዲያ ግርማ ራሱ ተሸክሞ ቀበሌ ያምጣው» ብሎ ወጣ። እናቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ድርቆሹን ጆንያ ውስጥ መክተት ጀመረች።

ሰዓት እላፊው ሳይደርስ አባቴ መጣ። ነገሩን እንደሰማ አብሮት ወደመጣው የመኪናው ረዳት ዞሮ አየው። ረዳቱም በዘይት የጠቆረ ካፖርቱን አውልቆ ከነመታወቂያውና ከነይለፉ ለግርማ ሰጠውና «እኔ ዘነበወርቅ እህቴ ጋ እሰነብታለሁ፣ አንተ ግን ጎማ መፍታት አለመቻልህን ለማንም እንዳትናገር» አለው። ጎሕ ሲቀድ ግርማ ረዳት ሆኖ ከአባቴ ጋር ወጣ።

ካሣ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ መጥቶ ቤታችንን በረበረ። ግርማ ባሕሩን አየ፣ ወደቡ ላይ ሸክም ሠርቶ እዚያው ጎጆ ወጣ። እኔ ግን ባሕሩን እስከ ዛሬ አላየሁትም። የልጅ ልጆቼ በስልካቸው ያሳዩኛል፣ አሰብ ግን የሌላ አገር ሆኗል፣ መንገዱም ተዘግቷል። ያኔ መንገዱ ክፍት ነበር፣ የምንፈራው ጎረቤታችንን ነበር።

ግርማ በወጣበት ጠዋት እናቴ ጆንያውን ልታነሳ ስትል «እኔ ነኝ የምሸከመው» ብዬ እምቢ አልኳት። ከሱሪዬ ሥር ያችን የከረጢት ቁምጣ ለብሼ፣ ጆንያውን በጫንቃዬ ይዤ ቀበሌ በር ላይ ስደርስ ካሣ ቆሞ ይጠብቃል።

«ግርማስ?» አለኝ።

«ታሟል» አልኩና ድርቆሹን እግሩ ሥር አስቀመጥኩለት።